ከየትኛው መቶ ላይ

ሱሉልታ፣ መጋቢት ፳ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ለእናቴ ልጅ፤

ደብዳቤ ሲጻፍ አስቀድሞ ጤና ይጠየቃል፤ እኔም ወጉን አላፈርስም። ጤናህ እንዴት ነው? ሚስትህ እንዴት ናት? ልጆችህ ይበላሉ? ይስቃሉ? አንተስ እንቅልፍ ይወስድሃል? የእኛን እንደሆነ ባይሳ ቆሞ ይሄዳል። ድንቅቱን ጉንፋን ይዟት ነበር፤ ተሽሏታል። ጥቁሯ ላም ወልዳለች። የቀረውን ታውቀዋለህ።

የላክሃቸው ሽማግሌዎች እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጡ። አንደኛው ለሠርግህም ሽማግሌ ሆነው የሄዱት ናቸው፤ ለደስታውም ለሐዘኑም የምትልከው አንድ ሰው ነው ማለት ነው። ጾም ስለሆነ ያለውን አቀረብኩላቸው። በሉ፤ ከዚያ ተናገሩ። «ወንድምሽ ክፉኛ አዝኗል፤ ከስቶ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ብሎታል» አሉኝ። ቀበቶ ይግዛ አልኳቸው። «የሞተ አይመለስም፤ ባይሳ ክሱን ይተው፤ ድንቅቱን አጎቷ ወስዶ እንደ ልጁ ያስተምራታል» አሉኝ። እንደ ልጁ የሚለውን ስሰማ ተነስቼ ወደ ደጅ ወጣሁ። ስመለስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳቸው። ዳኛው ወንድሜን ለምን እንደጠሩት ነግሯችኋል ወይ አልኩ። እርስ በርሳቸው ተያዩ። አልነገርካቸውም። ሽማግሌ ስትልክ እንኳ ግማሹን ነገር ቤትህ አስቀምጠህ ነው። ስለዚህ መልሴን በእነሱ አፍ አልላክኩም።

መጻፍ ለእኔ ቀላል እንዳልሆነ ታውቃለህ። አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት ሰነፍ ሆኜ አይደለም፤ አባታችን ሁለት ልጅ ማስተማር ስላልቻለ ነው። «ወንዱ ይቀጥል» ተባለ፤ አንተ ቀጠልክ። እኔ አልቅሼ እንኳ አላስቸገርኳቸውም። አሁን አንዱን መስመር ጽፌ ሌላውን እስክጀምር ወጥ ያርርብኛል። ቢሆንም ቀስ ብዬ እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም «እኅቴ ገበሬ ናት፣ ነገሩ አልገባትም» ብለህ ለሰው እንደምትናገር ሰምቻለሁ። ገብቶኛል። ሒሳቡም ሳይቀር ገብቶኛል።

ነገሳ አንተ ዘንድ ቡራዩ ሦስት ዓመት ተቀመጠ። ውሃ ቀዳልህ፣ እንጨት ፈለጠልህ፣ ልጆችህን አዝሎ አሳደገልህ፤ አንድ ቀን ቅር ብሎኝ አያውቅም። ባለፈው ዓመት በጻፍክልኝ ደብዳቤ ላይ «እትዬ፣ ልጅሽ በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ ነው፤ ስምንተኛን ሲያልፍ ከተማ እናስገባዋለን» ብለሃል። ያንን ደብዳቤ ባይሳ እንዲሰማው ደጋግሜ አነበብኩለት። ማንበብ የሚችል ሰው በመጣ ቁጥርም እንደ አዲስ እያስነበበ ይሰማው ነበር።

ለኅዳር ጽዮን ሲመጣ ስለ ፐርሰንት ተምሮ መጣ። ያያትን ነገር ሁሉ ፐርሰንት ማድረግ ሆነ ሥራው። አራት ዶሮዎች ነበሩን፤ አንዷን ጭልፊት ወሰዳት። ገና ከደጅ ሲገባ «እማዬ፣ ከዶሮዎቻችን ሃያ አምስት ፐርሰንቱን ጭልፊት በላው!» አለ። ባይሳ ዱላውን አንስቶ ሮጠ። «ሃያ አምስት? አንዷን አይደል እንዴ የወሰደው! ሌሎቹ የማን ናቸው?» እያለ ግቢውን ዞረ። ነገሳ እስኪያለቅስ ሳቀ። ከዚያ አባቱን አስቀምጦ አስረዳው። «አባዬ፣ ፐርሰንት ብቻውን ሲነገርህ አትመን። መጀመሪያ ከምን ላይ ነው ብለህ ጠይቅ። ከየትኛው መቶ ላይ? አጎቴ ሁልጊዜ እንዲህ ይለናል» አለው። ባይሳ «አጎትህ ትልቅ ሰው ነው» አለ። አዎ፣ እንዲህ ብሎህ ነበር።

እንግዲህ ታኅሣሥ ላይ የሆነውን ልንገርህ። አንተ ክፍል ውስጥ ስለነበርክ የምታውቀው ይመስልሃል፤ እኔ ግን ከልጄ አፍ፣ ከዚያም አጠገቡ ከሚቀመጠው ልጅ አፍ ሰምቼዋለሁ። ሰሌዳው ላይ ይህን ጥያቄ ጻፍክ፦ አንድ እኩል አራሽ ገብስ ወቃ። ከመቶ አሥር ለመንግሥት አሥራት ወጣ፤ ከመቶ ሃምሳ ለመሬቱ ጌታ ወጣ፤ ለአራሹ ሠላሳ ስድስት ቁና ቀረለት። ምርቱ በጠቅላላው ስንት ቁና ነበር? ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ጽፈህ፣ «እኩል አራሽ» የሚለውን ግን በመካከሉ በአማርኛ ጻፍከው አሉ።

ሌሎቹ ልጆች ሰማንያ ብለው ሠሩ። ነገሳ ዘጠና አለ። በቀይ ሰረዝክበት። እጁን አውጥቶ ተነሳና «መምህር፣ እኛ ዘንድ አወጣጡ እንደዚህ አይደለም። ለጌታው ከቁልሉ ላይ ግማሹ ንጹሕ ይሰፈርለታል፤ አሥራቱ በሙሉ የሚነሳው ከአራሹ ግማሽ ላይ ነው» አለ። ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጠው ካሳሁን፣ የመሬታችን ጌታ ምስለኔ የሆነው የወንዳፍራሽ ልጅ፣ ዞሮ «ውሸታም! አባቴ ሌባ ነው ልትል ነው?» አለው። ክፍሉ ሳቀ። አንዱም ከኋላ «የገብስ ሊቅ!» ብሎ ጮኸ። አንተ መጀመሪያ ካሳሁንን አየህ፤ ቀጥለህ ነገሳን አየህ። ይህንን አጠገቡ የሚቀመጠው ልጅ ነው የነገረኝ፤ ነገሳ ይህንን ሊነግረኝ አልወደደም። ከዚያ «እንደተጻፈው ሥራ» አልከው። እሱም «እንደተጻፈውማ ከየትኛው መቶ ላይ እንደሚነሳ አልተጻፈም» አለ። አንተም «እንግዲያው ሄደህ አባትህን ጠይቅ! ጠይቀህ ሳትመለስ ክፍሌ እንዳትገባ!» አልከው።

በንዴት የተነገረ ነገር ነው ትላለህ። እሺ፣ ይሁን። ግን ከትምህርት ቤት ወጥታችሁ አንድ ቤት ነው የገባችሁት። አንድ ሳህን ነው የቀረባችሁ። «ተወው፣ ነገ ተመለስ» ለማለት ጊዜ አልነበረህም? ልጁ ታዛዥ ነው፤ ጠይቅ ሲሉት ይጠይቃል። በማግሥቱ ጠዋት በገፈርሳ በኩል አድርጎ፣ ተራራውን ወጥቶ ወርዶ፣ ያንን ሁሉ መንገድ በእግሩ መጣ።

ቤት እንኳ ሳይገባ ቀጥታ አውድማ ወረደ። ያን ቀን ወንዳፍራሽ ሊያሰፍር መጥቷል። ከእኛ ቁልል ዙሪያ ጎረቤቶቻችን ቆመዋል፤ እኔ ለሠራተኞቹ ቂጣ ይዤ ከዳር ነኝ። የአውድማውን ሥርዓት አንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቀዋለህ፤ እዚያው ጭድ ላይ ነው ያደግከው። ሰፋሪው የመጀመሪያውን ቁና «በረከት» ብሎ ይሰፍራል፣ አንድ አይልም። ከዚያ በኋላ ቁና ሲሞላ አንድ ሰንበሌጥ መሬት ላይ ይጥላል እንጂ ቁጥር በአፉ አይጠራም። ቁጥር ከተጠራ እህሉ ከጎታ ሳይገባ ያልቃል ይባላል። አባቶቻችን እንዲህ አደረጉ፤ ባይሳም እንዲህ ያደርጋል። አንተ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ «ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ፤ በሆዱ የሚቆጥር ይሳሳታል» ስትለው ኖረሃል።

ልጄ ከቁልሉ አጠገብ ቆሞ ጮክ ብሎ ቆጠረ። ባይሳ በዓይኑ ቢቆጣውም አላየውም። ስድሳ ላይ ቁልሉ አለቀ። ሠላሳው ወደ ጌታው ጆንያ ገባ። ከቀረው ሠላሳ ላይ ስድስት ቁና ለአሥራት ተነሳ። ሃያ አራት ቀረልን። ያን ጊዜ ነገሳ ወደ ወንዳፍራሽ ቀርቦ እጅ ነሳ። «ጌታዬ፣ አስተማሪዬ ጠይቀህ ና ብሎኝ ነው። አንቱ የሚያስወጡት አሥራት ከየትኛው መቶ ላይ ነው?» አለ። ወንዳፍራሽ ሳቀ። «መቶ? የአባትህ ቁልል መቶ ይሞላልኛል ብለህ ነው? የባይሳ ልጅ ተምሮ ዓይኑ ጠፋ!» አለ። ሰዉም አብሮ ሳቀ፤ እኔም እንዲያልፍ ብዬ ሳቅኩ።

ነገሳ ግን አልተቀየመም። ቁጭ ብሎ በእንጨት መሬቱ ላይ አሰመረ። አሥራቱ የሁለቱም ዕዳ ከሆነ መጀመሪያ ከቁልሉ ላይ ስድስት ይነሳል፣ ሃምሳ አራት ይቀራል፣ ግማሽ ለግማሽ ሲሆን ለአባቴ ሃያ ሰባት ይደርሰው ነበር፤ አሁን ግን የጌታውን አሥራትም አባቴ ነው የከፈለው፤ ሦስት ቁና ሄዶበታል ብሎ አስረዳ። በአማርኛ ተናግሮ ለሽማግሌዎቹ ደግሞ በኦሮምኛ ደገመው። ኦቦ ዳዲን ታስታውሳቸዋለህ፤ የወንዙ ማዶ ጎረቤታችን ናቸው። ጎንበስ ብለው መስመሩን አዩና «ዱጋ ዳ፣ ኢልማ ኮ» አሉ። እውነት ነው ልጄ ማለታቸው ነው። ከኋላቸው የቆሙትም የራሳቸውን ምርት በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ወንዳፍራሽ እነዚያን ጣቶች አያቸው። ሳቁ የጠፋው ያን ጊዜ ነው።

«አውድማ ላይ ቁጥር ጠራ! በረከት ገፈፈ! ሰምታችኋል!» ብሎ ጮኸ። ሰዉ እጁን ወደ ጋቢው መለሰ። ኦቦ ዳዲም አማተቡ። እነሱን አልወቅስም፤ ሁሉም ገና የሚሰፈር ቁልል ነበራቸው።

ከዚያ ወንዳፍራሽ ልጄን «ይህን ማን አስተማረህ?» አለው። ነገሳ ቀና ብሎ «አጎቴ» አለ። እንዴት አድርጎ እንዳለው ብታይ! አንተን የሚያህል አጎት በአገሩ የሌለ ይመስል ነበር። ወንዳፍራሽም «የመንግሥት አስተማሪ ካስተማረህ፣ ደግ፣ እኔም ለጌታው አቀርበዋለሁ። አላስተማርኩትም ካለ ግን አንተ ጭሰኛ የምታሳምፅ ነህ» አለ። ወደ ቡራዩ ፈረሰኛ ላከብህ። መልስህ እስኪመጣ ልጁን የድንጋዩ እህል ቤት ውስጥ አስገብቶ ቆለፈበት። ባይሳ እግሩ ላይ ወድቆ ለመነው። «ልጁ ላብ ላይ ነው፣ ውርጭ ሊወርድ ነው፣ ጋቢዬን እንኳ ልስጠው» አለ። «መልሱ ይምጣ» አለው።

መልሱ መጣ። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ መጣ። ወንዳፍራሽ በሰዉ ፊት አስነበበው፤ በኋላም ፍርድ ቤት ስለተነበበ በቃሌ ይዤዋለሁ። «ይህን ሒሳብ እኔ አላስተማርኩትም። ልጁ አስቸጋሪ ስለሆነ ከክፍል አስወጥቼዋለሁ።» ይኸው ነው። ከዚህ በታች የአንተ ፊርማ አለ፤ ያማረ ፊርማ ነው። ፈረሰኛው እንደነገረን ሚስትህ ጠላ ቀድታለት፣ ልጆችህ ፈረሱን ውሃ አጠጥተውለት ነበር። አንተ ወረቀቱን ስትጽፍ ቆመህ ነው ወይስ ተቀምጠህ? ልጁ የት ነው ብለህ ጠይቀኸዋል? ጠይቀኸው ከሆነ በዚያ ሰዓት የት እንደነበር ነግሮሃል ማለት ነው። ሳትጠይቀው ከሆነም እወቀው፤ ፈረሰኛው ጠላውን እስኪጠጣ ልጄ ድንጋይ ላይ ተኮራምቶ ነበር።

ሲከፍቱለት ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ባይሳ ታቅፎ አወጣው። መጀመሪያ የተናገረው «አጎቴ ምን አለ?» የሚል ነው።

ባይሳ በሕይወቱ ዋሽቶ አያውቅም። ገበያ ላይ እንኳ በሬው ሰነፍ እንደሆነ ራሱ ለገዢው የሚናገር ሰው ነው፤ በዚህ ስንት ጊዜ ተጣልተናል። ያን ጊዜ ግን ልጁን በጋቢው ጠቅልሎ «ልክ ነህ ብሏል። ልጁ ልክ ነው ብሎ ጽፏል» አለው። ነገሳ ዓይኑን ጨፈነ። በአምስተኛው ቀን እስኪሞት ድረስ ደረቱ እንደ ወናፍ ሲያሰማ፣ ትንፋሽ ባገኘ ቁጥር ስለ ጥያቄው ይነግረኝ ነበር። «እማዬ፣ ሰኞ ስመለስ ካሳሁን ምን እንደሚሆን!» ይለኝ ነበር። ምንም አልተቀየመህም። ይህን የምጽፍልህ እንድትጽናና አይደለም።

ከቀበርነው በኋላ ሰው ሁሉ ሲሄድ ሒሳቡን ራሴ ልሥራው ብዬ ተነሳሁ። ኤክስ የምትሉትን ፊደል ስለማላውቀው፣ ያልታወቀውን ምርት «ምርት» ብዬ ጠራሁት። የገብስ ፍሬ መሬት ላይ አሥር በአሥር አድርጌ መቶ ደረደርኩ። ብዙ ቀን ተሳሳትኩ። ሃምሳና አሥር ደምሬ ስድሳ አደርገዋለሁ፤ መልሼ ደግሞ አሥሩን አውጥቼ ከቀረው ግማሹን እወስዳለሁ፤ ሁለቱ አይገናኙልኝም። ድንቅቱ «እማዬ፣ ዶሮ በላው» ትለኛለች፤ እውነትም ዶሮ እየመጣ ይበላብኝ ነበር።

በመጨረሻ ግን ገባኝ። አንተ እንዳልከው አሥራቱ ቀድሞ ከወጣ ከመቶው ዘጠና ይቀራል፤ ግማሹ አርባ አምስት ነው። ሠላሳ ስድስት ቁና ማለት የምርቱ አርባ አምስት ፐርሰንት ነው። ስለዚህ ምርት ሰማንያ ይሆናል። ሰማንያን መልሼ ሰፈርኩት፤ ስምንት ወጣ፣ ሰባ ሁለት ቀረ፣ ግማሹ ሠላሳ ስድስት። ልክ ነው። ልጄ እንዳለው ደግሞ ሃምሳውም አሥሩም ከሙሉው ላይ ከተነሱ ከመቶው አርባ ይቀራል። ሠላሳ ስድስት የምርቱ አርባ ፐርሰንት ነው። ምርት ዘጠና ይሆናል። ዘጠናንም መልሼ ሰፈርኩት፤ አርባ አምስት ለጌታው፣ ዘጠኝ ለአሥራት፣ ሠላሳ ስድስት ለአራሹ። ይህም ልክ ነው። ሰማንያ በሕጉ ነው፤ ዘጠና በአውድማው ነው። አንተ ሁለቱንም ታውቃለህ። በሁለቱ መካከል ያለውን ሌብነትም ታውቃለህ። አንድ ቃል ብትጨምርለት፣ «አንተም ልክ ነህ፤ ቁጭ በል» ብትለው ኖሮ ልጄ ያን ተራራ አይወጣም ነበር። ካሳሁን ግን ለአባቱ ይነግርብህ ነበር፤ እሱን ፈራህ።

አሁን ወደ ክሱ ልምጣ፤ የምትፈልገው እሱን ስለሆነ። ባይሳ ወንዳፍራሽን የከሰሰው ልጁን ያለ ሕግ ስለ ቆለፈበት ነው። ወንዳፍራሽ «ልጁ ታሞ ነው የመጣው፤ ጭሰኛ ሊያሳምፅ ነው የመጣው» ብሎ መልስ ሰጠ፤ ማስረጃው ያንተ ወረቀት ነው። ሌላ ማስረጃ የለውም። ዳኛው ግን «ወረቀት አይበቃኝም፤ መምህሩ ራሱ ቀርቦ ይናገር» አሉ። አንተ ቀርበህ «ጠይቀህ ና ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ» ካልክ ልጄ የተላከ ልጅ ነው፤ የተላከ ልጅ ደግሞ አይቆለፍም። ካልቀረብክ ወረቀትህ ይጸናል፤ ነገሳ በመዝገብ አሳማፂ ተብሎ ይቀራል፤ እኛም ክረምት ሳይገባ መሬቱን እንለቃለን። ወንዳፍራሽ ተክቶን የሚያርስ ሰው እንኳ አምጥቶ ማሳውን አሳይቶታል። ሰውየው አፍሮ አቀርቅሮ ነው የሄደው።

ከሥራዬ እባረራለሁ ትላለህ። ትባረር ይሆናል። ማረስ ታውቃለህ። ካልሆነም ሰበታ ፋብሪካ ሰው ይቀጥራሉ ይባላል፤ ያማረ ፊርማ ላለው ሰው ሥራ አይጠፋም።

ድንቅቱን አልሰጥህም። ፐርሰንት የደረሰች ጊዜ እኔ አሳያታለሁ፤ ገብሱም አለ፣ ዶሮውም አለ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ይህን ለሽማግሌዎቹም አልተናገርኩም፤ ለባይሳም አልነገርኩትም። የነገሳን መጽሐፍ እዚህ ላለው አስተማሪ ሰጥቼ ስለ ፐርሰንት ያሉትን ጥያቄዎች ሁሉ አንብብልኝ አልኩት። ደግ ልጅ ነው፣ አንድ በአንድ እየተረጎመ አነበበልኝ። ስለ ባቡር አለ። ስለ ሱቅ አለ። ስለ አንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች አለ። ገብስ የለም፤ ቁና የለም፤ እኩል አራሽ የለም። ያን ጥያቄ ከመጽሐፍ አልወሰድከውም።

ሠላሳ ስድስት። ሥራዬን እየሠራሁ ይህ ቁጥር ከሌላ ቦታ የማውቀው ሆኖ ያስቸግረኝ ነበር። አንድ ቀን ጎታውን ስጠርግ መጣልኝ። እናታችን በሞተችበት ዓመት አባታችን ከአውድማ ይዞት የገባው ሠላሳ ስድስት ቁና ነው። እህሉ የጎታው ወገብ ላይ እንኳ አልደረሰም፤ አባታችንም እጁን ሰድዶ ታቹን ነካ። አንተ ትንሽ ልጅ ነበርክ። አውድማው ላይ ሰፋሪው የጣላቸውን ሰንበሌጦች ማንም ሳያይ ቆጥረህ ነበር። ወደ ቤቱ ጓሮ ጎትተህ ወስደኸኝ ቁልሉ በጠቅላላው ስንት እንደነበረ በጆሮዬ ነገርከኝ። «እትዬ፣ ቆጥሬአለሁ ብለሽ ለማንም አትንገሪ» ብለህ ነጠላዬን ይዘህ አለቀስክ። ለማንም አልተናገርኩም። አባታችን እስኪሞት አልነገርኩትም።

ያን ቁጥር እዚህ አልጽፈውም። ነገሳ አያቱን አያውቅም፤ ዓመቱንም አያውቅም፤ ሰንበሌጦቹንም አላየም። ግን አገኘው። አንተም በቀይ ሰረዝክበት።

ቀጠሮው ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ያለው ሰኞ ጠዋት ነው። ብትመጣ ከእኛ ጋር አትቀመጥ፤ እኔም አልስምህም። ቆመህ ተናገርና ሂድ። ባትመጣ እኔ እቆማለሁ። ዳኛው «ይህን ጥያቄ ማን አወጣው?» ቢሉኝ የአንተን ስም አልጠራም፤ የአባታችንን ስም ነው የምጠራላቸው። ምርቱ ስንት ነበር ቢሉኝም እነግራቸዋለሁ።

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምህ። ልጆችህን ያሳድግልህ፤ ከእጅህ አይንጠቅብህ። ይህን ከልቤ ነው ያልኩት፤ ሌላውን ምርቃት ግን ብሞክርም እጄ አልጽፍ አለኝ።

የነገሳ እናት